የእትዬ ቀደምኩ ቀን

ፀጉር አስተካካዩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። መቀስና ቶንዶስ ይታዘዙለታል፤ ስልክ ግን እንቢ አለው። ጣቱ ወፍራም፣ ትዕግሥቱ ቀጭን ሆነና አንዷን ፊደል ሲነካ ጎረቤቷ ትመጣበታለች። ሱቁ ሁለት ወንበርና አንድ ሰፊ መስታወት የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ከግድግዳው ወዲያ ሰዓት ሠሪው አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ ያጎነብሳል። ሁለቱም ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ሁለቱም ሌላው የበለጠ ያመኛል ሲል አያምኑም።

እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ስልክ ገበያ የገፋው የእናቱ ጉዳይ ነው። እናቱ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከስምንት ወር በፊት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። የተኛችበት ክፍል ከኋላ በኩል ስለሆነ በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው። «ከግድግዳ ጋር ተጋባሁ፤ እሱም እንደ አባትህ አይናገር» ትላለች። ዕድሜዋን በደጃፍ የጨረሰች ሴት ናት፤ የሚያልፈውን ሁሉ ካላየችና ካልጠራች ቀኑ አይመሽላትም። አንድ ጊዜ ልጇና ሰዓት ሠሪው በወንበር ተሸክመው ሊያወጧት ሞክረው ነበር። ኮሪደሩ አጋማሽ ላይ ስትደርስ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ በሁለቱም ጆሮ አለ። ከዚያ በኋላ የሚነካት ሰው ጠላቷ ሆነ፤ ምኞቷ ግን አልቀረም።

«ጎማ ባለው ወንበር ቀስ አድርገህ አንዲት ቀን ደጃፍ አውጣኝ» ትለዋለች። «መንገዱን ልየው። ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ።»

አዲስ ዊልቸር ስንት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ዋጋውን ሲነግሩት ጆሮው ጭው አለ። ያን ጊዜ ነው ሰዓት ሠሪው «ና እስኪ ስልክህን አምጣ» ብሎ ርካሽ ዕቃ ፈላጊዎች የሚሰባሰቡበት ግሩፕ ውስጥ ያስገባው። አራት ሺህ ሰው አለበት። ከማንኪያ እስከ ቁም ሳጥን፣ ሰው የጠገበውን ሁሉ ፎቶ አንስቶ በግማሽ በሩብ ዋጋ ይለቅበታል።

«ስማኝ» አለው ሰዓት ሠሪው፣ «አንተ አሁን ጫጩት ነህ። አዲስ የገባ ሁሉ ጫጩት ነው። እስክትለምድ ዝም ብለህ እይ።»

ጫጩቱ ዝም ማለት አልሆነለትም። በማግስቱ ማልዶ ተነስቶ «እንደምን አደራችሁ ወገኖቼ፣ እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?» ብሎ ለአራት ሺህ ሰው ጻፈ። አራት ሺህ ሰው ዝም አለው። ጥቂት ቆይቶ የግሩፑ ኃላፊ፣ አድሚኑ፣ ጽሑፉን አጠፋበትና «ሰላምታ የለም» የምትል ሁለት ቃል ላከለት። ቀኑን ሙሉ ሆድ ባሰው።

«ሰላምታ የሌለበት ገበያ ምን የሚሉት ገበያ ነው?» አለ ለሰዓት ሠሪው።

«አራት ሺህ ሰው እግዚአብሔር ይመስገን ሲልህ ዕቃው የት ይታይሃል?»

ነገሩ እውነት ነበር። እየዋለ እያደረ ቋንቋውን ለመደ። ዕቃ የፈለገ ሰው ከፎቶው ሥር «ያዝኩ» ይላል፤ ያዝኩ ካለ በኋላ ዋጋ ቀንሱልኝ የለም። ያልደረሰው «ተከታይ» ብሎ ይሰለፋል። የያዘው ሰው ሐሳቡን ከለወጠ «ለቀቅኩ» ይላል፣ ዕቃውም ለተከታዩ ይሄዳል። ሁሉን ነገር እያፈሰ ወስዶ አትርፎ የሚሸጥ ሰው ጅብ ይባላል። ያዝኩ ብሎ በቀጠሮው ሰዓት ሳይመጣ የቀረ ደግሞ ይጠረጋል፤ ማለት ከግሩፑ ይባረራል፣ የሚጽፈው ለማንም አይደርስም። ከሁሉ የከፋው ነውር ግን «ለምን» ማለት ነው። ለምን ትሸጡታላችሁ፣ ለምን አልመጡም፣ የማን ነበር፣ ለማን ነው፣ አይባልም። አልጋ ሲሸጥ ማን ተኝቶበት እንደነበር፣ የሕፃን ጋሪ ሳይነካ ከነላስቲኩ ሲሸጥ ምን እንደሆነ አይጠየቅም። ሰው ጉዱን በሆዱ ይዞ ዕቃውን ብቻ ነው የሚያወጣው። ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ነው ጫጩት፤ ፀጉር አስተካካዩም ተጭኖ ተለጎመ። በሦስተኛው ወር ሲጽፍ ሰላምታ የተማረ ሰው እንኳን አይመስልም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልገባውም። ማንኛውም ዕቃ ብቅ ባለ በዚያችው ቅጽበት፣ ጣት ሊደርስበት በማይችል ፍጥነት፣ አንድ «ያዝኩ» ትመጣለች። የምትጽፈው ሁልጊዜ አንዲት ሴት ናት። ፎቶ የላትም፤ በቦታው ባዶ ግራጫ ክብ አለ። ሰዉ «እትዬ ቀደምኩ» ይላቸዋል። የሕፃን ጫማ ይሁን የመኪና ጎማ፣ ድስት ይሁን በር፣ እትዬ ቀደምኩ ይዘዋል። ሌላው ሁሉ ሳያጉረመርም ከሥር «ተከታይ፣ ተከታይ» እያለ ይሰለፋል። ሻጩም አንድ ቀን ይጠብቃል። እትዬ አይመጡም። ቀኑ ሲሞላ ዕቃው ለመጀመሪያው ተከታይ ይሰጣል። ይህም «የእትዬ ቀን» ይባላል።

«እኚህ ሴትዮ ጅብ ናቸው እንዴ?» አለ አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ በግድግዳው በኩል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ሁሉን ይይዛሉ፣ ምንም አይወስዱም። ለምን አይጠረጉም?»

ብቅ ብሎ ሲያይ ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አውጥቶ መዳፉ ላይ ይዞት ነበር።

«ለምን አይባልም አላልኩህም?» አለው። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

እናቱ ከቀን ወደ ቀን እየከሳች ሄደች። ማልዳ የምትመጣው ነርስ አንድ ማክሰኞ ቀን የደም ግፊቷን ለክታ ስታበቃ ወደ በሩ ጠራችውና «ልታደርጉላት የምትፈልጉት ነገር ካለ ነገ አትበሉ» አለችው። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሱቁ ሄደ።

ሦስት ሰዓት ላይ የአንድ ደንበኛ ግማሽ ጢም ላጭቶ ምላጩን ሲያብስ ስልኩን አየ። ዊልቸር ነው። አረንጓዴ ሸራ መቀመጫ ያለው፣ የግራ ክንድ ማሳረፊያው ተቀዶ በቀይ ክር የተሰፋ፣ ጎማዎቹ ደህና የሆኑ ዊልቸር። ዋጋው የሁለት ቀን ገቢው ነው። ከሥሩ የእትዬን «ያዝኩ» ፈለገ፤ የለም። ተከታይም የለም። ስልኩ የተበላሸ መስሎት አጥፍቶ አበራው። ሁለት ሺህ ሰው አይቶታል፣ አንድም ቃል የጻፈ የለም። እጁ ላይ ሳሙና እያለ «ያዝኩ» ብሎ ጻፈ።

ደስታው አንድ ትንፋሽ አልቆየም። ሰዓት ሠሪው ሮጦ ገባ፤ ሮጦ የማያውቅ ሰው ነው።

«አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው!»

«ምኑን? ቀደምኩ እኮ! እትዬ ቀደምኩን ቀደምኳቸው!»

«እየው» አለ ሰዓት ሠሪው በሹክሹክታ።

አየው። ከእሱ «ያዝኩ» በላይ ሌላ «ያዝኩ» ተቀምጣለች። ከግራጫው ክብ ጎን። የተጻፈችበት ሰዓት ከእሱ በአንድ ደቂቃ ይቀድማል። ፀጉር አስተካካዩ ከደቂቃ በፊት ያ ቦታ ባዶ መሆኑን በገዛ ዓይኑ አይቷል።

ሰዓት ሠሪው ባዶው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ግማሽ ጢሙ የተላጨው ደንበኛ በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱን ይመለከታል፤ እሱም እንደሌላው ሰው ለምን አይልም።

«ሞተዋል» አለ ሰዓት ሠሪው። «እትዬ ቀደምኩ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው።»

ከዚያ ዘረገፈው። ሴትዮዋ በሕይወት ሳሉ የታወቁ ፈጣን ነበሩ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጣታቸው እንደ ወጣት የሚሮጥ። አንድ ቀን ይህንኑ ዊልቸር፣ ያኔም ክንዱ በቀይ ክር የተሰፋውን፣ ያዝኩ አሉ። ለማን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ አይባልማ። በማግስቱ በአራት ሰዓት መጥተው ሊወስዱ ቀጠሮ ይዘው አልመጡም። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ሰዉ ይቀልድባቸው ጀመር። ጅብ ነበሩ ለካ አለ አንዱ። ስድስት ተኩል ላይ ተጠረጉ፣ ወንበሩም ለተከታዩ ተሰጠ። በአራተኛው ቀን ጎረቤታቸው በሩን አስሰበረ። ወንበሩን የፈለጉት ለራሳቸው ነበር፤ እግራቸው እየከዳቸው ነበር። በቀጠሮው ቀን ሊወጡ ሲሉ በሩ ሥር ወድቀው መነሳት አቅቷቸው ቀሩ። ስልኩ በእጃቸው ነበር። ለግሩፑ «ድረሱልኝ» ብለው ዘጠኝ ጊዜ ጽፈዋል። ዘጠኙም አልደረሰም።

«ጎረቤታቸው ስልኩን ሲያሳየኝ በዓይኔ ያየሁት ነው» አለ ሰዓት ሠሪው። «መጀመሪያ ይጠረጉ ያልኩት እኔ ነኝ። ቸኮልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።» አለቀሰ። ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛው ሲያለቅስ አይቶ አያውቅም፤ ምን እንደሚደረግ ጠፍቶት ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል አደረገለት።

አድሚኑ በጸጸት ስማቸውን መልሶ አስገባው። በዚያው ሳምንት እትዬ እንደገና «ያዝኩ» ማለት ጀመሩ። ሰዎች ልጃቸው ስልኩን አግኝቶ ነው አሉ፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሌባ ነው አሉ፤ ስልኩ አብሯቸው ተቀብሯል። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀም፤ አንድ ቀን ይጠበቅላቸዋል፣ አለቀ። ወንበሩን የወሰደው ተከታይም በቅርቡ አርፎ ልጆቹ ናቸው አሁን መልሰው ያወጡት።

ፀጉር አስተካካዩ ፈራ፤ ከፍርሃቱ በላይ ግን የነርሷ ቃል በጆሮው ነበር። ሻጮቹ ዘንድ ደወለ። «የእሳቸው ቀን ሳይሞላ አላስነካም፤ እኔም ልጆች አሉኝ» አለ ሰውየው። ለአድሚኑ «እናቴ ነገን ላታይ ትችላለች» ብሎ ጻፈ። አድሚኑ «አንዴ ቸኩለን ያየነውን አይተናል፤ ይጠብቁ» አለው። በችኮላ የገደሉትን ሰው በመጠበቅ ሊክሱ ነው፤ የሚጠበቀው ደግሞ በእሱ እናት ቀን ነው። ተናደደ። ጠላቱ ማን እንደሆነ ስለጠፋው ምላጩን ሲያጸዳ ጣቱን ቆረጠ።

ያኔ ግራጫውን ክብ ነካ። ለእትዬ ለብቻቸው የሚጻፍበት ባዶ ገጽ ተከፈተ። ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ጻፈ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንተዋወቅም። ወንበሩ የእርስዎ ነው፣ ሰምቻለሁ። ቢለቁልኝ ብዬ ነው።»

ከመስታወቱ ፊት ቆሞ ሞኝነቱን አየው፤ ሙት የሚለምን ሽበታም። ስልኩን ኪሱ ሊከት ሲል በእጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«ለማን ነው?» ይላል።

አራት ሺህ ሰው ባለበት ግሩፕ ይህን ጥያቄ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። «ለእናቴ» ብሎ ጻፈ። «ስምንት ወር ተኝታለች። ደጃፍ መውጣት ትፈልጋለች።»

ወዲያው፣ ወደ ሱቁ ተመልሶ የነበረው ሰዓት ሠሪ ከግድግዳው ወዲያ ጮኸ። ግሩፑ ላይ፣ ከሁለቱ «ያዝኩ» ሥር፣ በሁለት ዓመት ከእትዬ ታይታ የማትታወቅ ቃል ተጽፋ ነበር፦ «ለቀቅኩ»።

ፀጉር አስተካካዩ ጋዋኑን አውልቆ ወረወረ፤ ደንበኛውን በግማሽ ጢሙ ትቶት ሊሮጥ ነው። በሩን ሲሻገር ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። «መጥቼ ልያቸው?» ይላል።

በጥሩ አስተዳደግ ያደገ ሰው እንዲህ ሲባል የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጣቱ ከሐሳቡ ቀድሞ «ምን ይጠየቃል እትዬ፣ ቤትዎ ነው» ብሎ ጻፈ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣትም እንደዚያው ነው። ያን ጊዜ ግን አላሰበውም። ያሰበው ወንበሩን ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቱን ከአልጋ ወደ ዊልቸሩ አዛወራት። ሰዓት ሠሪው በእግሯ በኩል፣ እሱ በብብቷ፣ አንሶላውን ከሥሯ አድርገው። አልጮኸችም። ኮሪደሩን ሲያቋርጡ ጎማዎቹ ድምፅ አልነበራቸውም። ሰዓት ሠሪው በሩን ከፍቶላቸው ወዲያው ወደ ሱቁ ሄደ፤ ያቺን የተሰፋች ክንድ ማየት አልቻለም።

ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ስታርፍ እናቱ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ገለጠች። «ውይ ዛፉ!» አለች። «ማን ቆረጠው? ያ ሱቅ ደግሞ ቀለም ተቀባ! እኔ ተኝቼ አገሩን ለወጣችሁት!» ከዝቅተኛው አጥር ወዲያ የሚያልፈውን ሁሉ ጠራች። የማታውቀውን ጭምር ጠራች። አንድ ብስክሌተኛ ቆሞ፣ በአጥሩ በር ገብቶ እጇን ሳማት። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላዋ ቆሞ እንባው ሲወርድ አልጠረገውም፤ በስምንት ወር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ደርሶላታል። ነገ የሚመጣው ይምጣ ብሎ በልቡ ተናገረ፣ ያሰበውም እውነቱን ነበር።

መንገዱ ጭር ሲል እናቱ አንገቷን ወደ አጥሩ በር መለስ አደረገች።

«ሴትዮዋን ግቢ በላት እንጂ፣ ምን ታቆማታለህ?»

አየ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ማንም የለም።

«ማንን እማዬ?»

«አንተ ደግሞ! ጠርተሃት መጥታ እንግዳ በደጅ ይቆማል?» ከዚያ ፊቷን አብርታ ወደ ባዶው ቦታ «ግቢ እናቴ፣ ግቢ። እግርሽን ያምሻል መሰለኝ» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን አስታወሰ። ቤትዎ ነው ብሎ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። አሁን አይግቡ ይላል? ለማን ይላል? እናቱ የምትሰማውን ሰው እያዳመጠች አልፎ አልፎ ራሷን ነቀነቀች።

«ወይኔ ጉዴ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው እንዴ? ልነሳልሽ?» አለች፤ ስምንት ወር እግሯን ያላንቀሳቀሰችው ሴት ክንዱን ጨብጣ ወደ ፊት ቀና አለች። ሊደግፋት እጁን ሲዘረጋ ትከሻዋ በረዶ ሆኖ አገኘው። እናቱ ግን ቆም ብላ አዳመጠች፣ ከዚያ እንደ ልጃገረድ ከት ብላ ሳቀች።

«እሺ፣ እንዳልሽ» አለች። «ብቻሽን ምን ያስኬድሻል? አብረን እንሄዳለን።»

ነፋስ አልነበረም። ዊልቸሩ ማንም ሳይነካው በዝግታ ወደ አጥሩ በር አንድ ክንድ ያህል ተንከባለለ። ፀጉር አስተካካዩ ተንደርድሮ ከፊቱ ተንበረከከና የሁለቱንም ጎማ ፍሬን ጥርቅም አድርጎ አጠበቀ።

«ፍሬኑን ልቀቀው ልጄ» አለች እናቱ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። «እንግዳ አታስጠብቅብኝ።»